ቁጥሩን ጥሎ አክታውን የያዘ ጆሮ

ለምንድን ነው ግን ጆሮዬ የማይረባውን አክታ ይዞ የሚያስፈልገኝን ቁጥር የጣለው፣ ከመድኃኒት ቤቱ ከወጣሁ ጀምሮ ይኼንኑ እጠይቃለሁ፣ ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ያየኛል፣ ሮዝ ሽሮፕ ነው፣ ክዳኑ ላይ መስመር መስመር ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ተደፍታበታለች፣ ልጄ ጭኔ ላይ ናት፣ ሰባት ወሯ ነው፣ ገላዋ እንደ ካውያ ይፋጃል፣ አሁን መስጠት አለብኝ፣ ግን ስንት፣ እስከ የትኛዋ መስመር ነው ያለኝ ሰውዬው።

አክታውን ዋጠው። ቢተፋው ይሻል ነበር።

ቆይ፣ በደንብ ላስታውሰው፣ ከመጀመሪያው። ጠዋት ነው፣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ፣ ሚጣዬን አዝያታለሁ፣ መድኃኒተኛው ከመስታወቱ ወዲያ ነው፣ ነጭ ጋዋን፣ አንገትጌው ቡኒ የሆነ፣ እስኪርብቶውን አፉ ውስጥ ሰክቶ ያኝከዋል፣ ከጥርሱ ወደ ጥርሱ ያንከባልለዋል፣ ዱቄቱ ውስጥ ውኃ ጨመረና በጠበጠልኝ፣ ካርቶኑን አነሳ፣ ሊጽፍልኝ ነው፣ እስኪርብቶውን ከአፉ ሲያወጣው ምራቁ አብሮ ተሳበ፣ እንደ ክር፣ እንደ ሸረሪት ድር፣ አበራ፣ ያንን ነገር በልጄ መድኃኒት ላይ ሊያሸው ነው፣ አይ አይ ተወው አትጻፈው አልኩት፣ እይዘዋለሁ። እርግጠኛ ነሽ እናት? እርግጠኛ ነኝ፣ ሥራዬ ነው፣ እስከ ሃያ ነገር በጆሮዬ እይዛለሁ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ ካርቶኑን ከእጁ ቀማሁትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ነገረኝ። ይኼ ለጆሮዋ ነው፣ መግሉን ያደርቀዋል፣ ከመስጠትሽ በፊት በደንብ ትነቀንቂዋለሽ፣ ከዚያ በኩባያዋ፣ ኽርርርርክ፣ ከደረቱ ድረስ ስቦ አመጣው፣ አፉ ሞላ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ እኔ የት ሊተፋው ነው ብዬ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ አልተፋም፣ ጉልት፣ ማንቁርቱ ወጣ ወረደ፣ በቀን ሦስቴ፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ለሰባት ቀን፣ ቢሻላትም እንዳታቆሚ፣ ገባሽ? ገባኝ።

ገባኝ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ማንም አይደለም።

መነቅነቁን ይዤዋለሁ። ሦስቴውን ይዤዋለሁ። ሰባቱን ቀን ይዤዋለሁ። ኽርርርርኩን ደግሞ ከማንም በላይ ይዤዋለሁ፣ እርጥበቱን ሳይቀር፣ በኽርርክ እና በጉልት መካከል ሰውዬው ቁጥር ተናግሯል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ድምፁም ወጥቷል፣ ጆሮዬ ጋ ደርሷል፣ አልደረሰም ማለት አልችልም፣ ደርሶ በር ላይ ቆሟል፣ የሚከፍትለት ጠፋ፣ እኔ አክታ ሳስተናግድ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ የኔማ ባዳም አይደል ጠላት ነው።

ሥራ ቦታ ቢሆን እኮ አይጠፋኝም ነበር። የፋብሪካው ካፌ ወጥ ቤት ነው የምሠራው፣ በመስኮቱና በምድጃው መካከል፣ አስተናጋጆቹ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ይጮሃሉ፣ ሁለት ሩዝ በአትክልት፣ አንድ ሾርባ፣ ሦስት እንቁላል አንዱ ለብ ያለ፣ አራት ሻይ አንዱ ያለ ስኳር፣ ይሄዳሉ፣ ወረቀት የለም፣ ድሮ ወረቀት ነበረ፣ እኔ ማንበቤ እንደ ቀንድ አውጣ ስለሆነ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ አንዱን ወረቀት በጣቴ ስለቅም አምስት ሰው ይቆጣ ነበር፣ ስለዚህ በአፍ ይሁን ተባለ፣ በአፍ ሲሆን ነገሥኩ። ቴፕ ይሉኛል። ሼፉ ነው ያወጣልኝ፣ ሾርባውን በጭልፋ ቀምሶ ጭልፋውን ልሶ መልሶ ሾርባው ውስጥ የሚከት ሼፍ፣ ቀጥሎስ ቴፕ? ይለኛል፣ እኔ እጄ የቆሻሻ ዕቃ ውኃ ውስጥ ነው፣ የሩዝ ፍርፋሪ፣ የቀዘቀዘ ዘይት፣ የሰው ንክሻ ያለበት ዳቦ፣ እውነቴን ነው አስተናጋጆቹ ሲጮሁ አልሰማቸውም፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነው፣ ሼፉ ሲጠይቀኝ ያኔ ጆሮዬን ወደ ውስጥ አዞራለሁ፣ ድምፁ እዚያው ነው፣ ገና አልቀዘቀዘም፣ ከነባለቤቱ፣ የቀጭኗ አስተናጋጅ በቀጭን፣ የጎርናናው በጎርናና፣ ሁለት ሩዝ በአትክልት ብዬ እጀምራለሁ እንደ ዘፈን። ሰው ጠርቶሽ ምን አልክ ብለሽ፣ እሱ ሳይደግመው ራሱ እንደሚመጣልሽ ዓይነት ነው፣ ያ ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው፣ እኔ ጋ ትንሽ በዛ እንጂ።

ግን አይቆይም። ክብሪት ተጭሮ ጣት እስኪያቃጥል ነው። በዚያ መሐል ክዳን ከወደቀ፣ ወይ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ከጮኸ፣ ያልያዝኩት ይጠፋል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ እንደ መያዝ ነው፣ አንድ ባትሪ፣ ያበራሁበት ዕቃ ይተርፋል፣ ያላበራሁበትን ሌባ ይወስደዋል። ሥራ ቦታ ባትሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ግን እጄን ማን ጠመዘዘው፣ ወደ ሰውዬው ጉሮሮ ማን አዞረው፣ አስቀያሚ ነገር ለምን እንዲህ ይጠራል፣ ቆንጆ ነገር ሲናገሩኝስ እንዲህ ዞሬ አውቃለሁ?

እሺ፣ እንደገና። ዓይኔን እጨፍናለሁ። መስታወቱ፣ ጋዋኑ፣ ትነቀንቂዋለሽ፣ ከዚያ በኩባያዋ፣ ኽርርርርክ። በቃ። ሌላ ምንም የለም። እንደገና፣ ከዚያ በኩባያዋ፣ ኽርርርርክ፣ ባሰበት፣ በደጋገምኩት ቁጥር ይወፍራል፣ አሁን የኔ ጉሮሮ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ወረቀቱ አለ፣ ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ የባዕድ ፊደል፣ የራሴንም ፊደል በመከራ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ይዞ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም ትላለች ያቺ ሴትዮ፣ ደንበኛችን የደወሉላቸው ደንበኛ፣ እሷንማ በቃሌ ይዣታለሁ፣ የማይጠቅመኝን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ።

አማቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ፉርርርት። አትጠጣውም ትስበዋለች፣ ከዚያ ምላሷን ታጣጥማለች፣ ጧ፣ ፉርርርት፣ ጧ፣ በየፉርርቱ መሐል ያለችው ትንሽ ጸጥታ ትብሳለች፣ ስለምጠብቅ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ ዛሬም ያመኛል፣ ባልዲው ላይ ከቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፣ የተነከረው የልጅ ጨርቅ ይሸታል፣ ደግሞ የልጄ ጆሮ ይሸታል። ልበለው እንግዲህ። የልጄ ጆሮ ይሸታል፣ እንደ ከረመ አሣ፣ ቢጫው ወርዶ አንገቷ ሥር ደርቋል፣ ስጠርገው ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ የወለድኳትን። መድኃኒተኛውን የተጸየፍኩት አፌ ትናንት ልጄን መሳም ተጸይፏል፣ ግንባሯን ነው የሳምኳት፣ ከሩቅ፣ ማንም አላየም፣ እኔ አይቻለሁ።

ምን ትፈዝዣለሽ፣ ልጅቷን አታጠጫትም?

እያሰብኩ ነው እማማ።

መድኃኒት ደግሞ ምን ይታሰብበታል፣ ይጠጣል እንጂ።

መጠኑን ነው።

መጠኑማ አምስት ነዋ! የልጅ ሁሉ አምስት ነው። ልጄን በአምስት ነው ያሳደግኩት፣ ይኸው ዛሬ ቆሞ ይሄዳል።

ቆሞ መሄዱን እንጃ፣ ሹፌር ነው ተቀምጦ ነው የሚሄደው፣ አላልኳትም። ፉርርርት። ጧ።

አምስት።

ከዚያ በኩባያዋ፣ አምስት። ውይ። ከዚያ በኩባያዋ አምስት ትሰጫታለሽ፣ መጣ! መጣልኝ፣ በሰውዬው ድምፅ፣ በዚያው በደከመ ድምፁ፣ አምስት ትሰጫታለሽ፣ በቀን ሦስቴ፣ እንዴት እስካሁን ጠፋኝ፣ ጠርሙሱን እነቀንቃለሁ፣ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ኩባያዋን በብርሃን ከፍ አድርጌ እቀዳለሁ፣ አምስት የሚለው መስመር ላይ አደርሰዋለሁ፣ ሮዝ፣ ወፍራም፣ የሚጣፍጥ የሚጣፍጥ ይሸታል፣ ሚጣዬ አፍሽን ክፈቺ የኔ እናት፣ ትከፍታለች፣ ምስኪን፣ ጡት መስሏት፣ ኩባያዋን ከንፈሯ ጋ አስጠጋለሁ፣ አምስት ትሰጫታለሽ፣ አምስት ትሰጫታለሽ፣ በንጹሕ ድምፅ።

በንጹሕ ድምፅ?

ሰውዬው ንጹሕ ድምፅ አልነበረውም። ያችን ቁጥር ሲናገር አፉ ሙሉ ነበር። ቁጥሯ በአክታ ውስጥ ነው ያለፈችው፣ ይቺ አምስት ደረቅ ናት፣ ታጥባ የወጣች ናት፣ ይቺ አምስት ከመስኮቱ ሥር ናት የመጣችው። አማቴ ናት። አማቴ የሰውዬውን ጋዋን ለብሳ። ራሴ ነኝ ያለበስኳት፣ እንዲመጣልኝ ስለፈለግኩ፣ ባዶ ቦታ ስላየሁ የተገኘውን ሰካሁበት፣ ሥራ ቦታም አንዴ እንዲህ ሆኗል፣ አራት ሻይ ብዬ ስድስት ነበር፣ ሻይ ግን ሻይ ነው።

ኩባያዋን ከከንፈሯ መልሼ አነሳለሁ። ልጄ ታለቅሳለች። መድኃኒቱን መልሼ ጠርሙሱ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፣ ጥቂቱ ጣቴ ላይ ይፈሳል፣ ያጣብቃል፣ ያስጠላል፣ በቀሚሴ እጠርገዋለሁ።

ምነው መለስሽው?

አምስት አይደለም መሰለኝ እማማ።

መሰለኝ? እኛ ቤት ቴፕ አለች እያላችሁ ስትኮሩ አልነበር፣ ተበጠሰ እንዴ ቴፑ? ትስቃለች፣ ሻይዋ ትን ይላታል፣ ትስላለች፣ መዳፏ ላይ ትስልና መዳፏን በወንበሩ ጠርዝ ትጠርጋለች፣ አየሁ፣ ምነው ባላየሁ፣ ያንን ጠርዝ ሚጣ በአፏ ትይዘዋለች።

እሄዳለሁ። ሌላ ምን አለኝ። አዘልኳት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የመንገዱ ዳር ቦይ ተዘግቶ አረንጓዴ ሆኗል፣ አረፋ አለው፣ ከፊቴ የሚሄደው ሰውዬ አንዱን አፍንጫውን በጣቱ ይዞ በሌላው ይናፈጣል፣ አስፋልቱ ላይ፣ ዘልዬ አለፍኩት፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ከውስጡ ያለውን እያወጣ የሚያሳየኝ እኔን ብቻ ነው እንዴ፣ ሌላው ሰው በዚሁ መንገድ ይሄዳል፣ ይስቃል፣ አይሰማም? የልጄ ትኩሳት ጀርባዬን አልቦታል፣ ጆሮዋ ትከሻዬ ላይ ተጋድሟል፣ እርጥብ ነው፣ ይሁን፣ ይንካኝ።

ምን ብዬ ነው የምገባው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው። ሥራዬ ነው ያልኩት ሰው ፊት። ልመለስ? ብመለስስ፣ አምስቱን ብሰጣትስ፣ ምናልባት አምስት ነው፣ አማቴ ትክክል ከሆነች በከንቱ ነው ልጅ በፀሐይ የማንገላታው፣ ካልሆነስ፣ ብዙ ከሆነ ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ከሆነስ፣ አላውቅም፣ አለማወቄን የሚያውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፣ ለዚህ ነው የሚከብደው፣ ባልሄድ ማንም አይጠይቀኝም።

ሰልፉ አሁንም አለ። ሰውዬው አሁንም አለ። እስኪርብቶው አሁንም አፉ ውስጥ ነው።

ምነው እናት፣ አስመለሳት እንዴ?

ረሳሁት።

ምኑን?

መጠኑን። ስንት እንደሆነ።

ሥራዬ ነው አላልሺኝም? እስከ ሃያ ነገር?

ከኋላዬ አንዷ ትስቃለች፣ አንዱ ቶሎ በይ እንጂ እህቴ እኛም ታመናል ይላል፣ ፊቴ ይግላል፣ ይቅርታ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው ይቅርታ ነበር አፌ ላይ ያለው፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። ቁጥሩን ስትነግረኝ አክታህን ዋጥክ፣ እሱን ስሰማ ቁጥሩ አመለጠኝ።

መድኃኒተኛው እስኪርብቶውን ከአፉ ያወጣል፣ ያየዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ዕቃ ያየዋል፣ ጆሮው ይቀላል። ብርድ መትቶኝ ነው ይላል ቀስ ብሎ፣ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ የሚተካኝ የለም፣ ሰው ፊት መትፋት ደግሞ ነውር ነው። ለካ ለክብሬ ነበር የዋጠው። በጋዋኑ ጫፍ እስኪርብቶውን ይወለውለዋል፣ ባይወለውለው ይሻል ነበር፣ ጋዋኑም ያው ነው። ሁለት ተኩል ነው ይላል፣ ሁለት ተኩል፣ የመጀመሪያዋ መስመር። አሁን ሰማሁ፣ ሁለት ተኩል፣ ሁለት ተኩል፣ ሳልሰማ ሰምቼው የነበረ እንደሆነ ልወቀው ብዬ ጠበቅኩ፣ አዎ ይቺ ናት የሚል ነገር ከውስጤ ይመጣል ብዬ፣ አልመጣም፣ እንግዳ ናት፣ አንድም ቀን አግኝቻት የማላውቃት ቁጥር።

ከዚያ ፊቱ ይለወጣል። ሰጥተሻታል? ስንት ሰጠሻት?

አልሰጠሁም። አምስት ልሰጣት ነበር።

አምስትማ እጥፉ ነው ይላል። በቀን ሦስቴ፣ ሰባት ቀን። አይሆንም፣ ገና ሕፃን ናት። ካርቶኑን አምጪ ይላል፣ አወጣለሁ፣ በዚያ እስኪርብቶ ይጽፋል፣ በትልቁ፣ ቀለሙ መጀመሪያ አልወጣ ይለዋል፣ ጫፉን ወደ ምላሱ ያስጠጋና ያየኛል፣ ይተወዋል፣ መዳፉ ላይ ይሞክረዋል፣ ይጽፋል፣ በሁለት ጣቴ ጫፍ እቀበለዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱም አብሮሽ ይኑር አለ፣ እንደ ዘመድ።

ቤት። ነቀነቅኩ። የመጀመሪያዋ መስመር። ሚጣ ግማሹን በምላሷ ገፍታ አገጯ ላይ አፈሰሰችው፣ በጣቴ ሰብስቤ መልሼ አፏ ውስጥ ከተትኩት፣ ሮዝ ከምራቅ ጋር፣ ከላብ ጋር፣ አልተጸየፍኩም ልል ነበር፣ ውሸት ነው ተጸይፌያለሁ፣ ግን ጣቴ ሠራ። ዋጠች። ተኛች። አሁን አንገቷ ትንሽ ረጠብ ብሏል፣ የሚያልባት ከሆነ ደህና ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። አላበቃም፣ ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፣ ሼፉ የፈቀደልኝ ዛሬን ብቻ ነው፣ የጠዋቱን እኔ እሰጣታለሁ፣ የማታውን እኔ እሰጣታለሁ፣ የቀኑን የምትሰጣት አማቴ ናት። ፊደል አታውቅም፣ የተጻፈ ቁጥርም አትለይም፣ ካርቶኑን ባሳያት ለሷ ጭረት ነው። ስለዚህ የጥፍር ቀለሜን የመጨረሻ ጭላጭ አምጥቼ ኩባያዋ ላይ፣ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ፣ ቀይ ሰረዝ አደረግኩላት፣ ኮራሁ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ አማቴ ባልዲው ጋ ቆማለች፣ ኩባያሽ ላይ ቀይ ነገር ተጣብቆ ነበር ደም ይሁን ምን እንጃ፣ ቀፈፈኝ፣ በጥፍሬ ፍቄ አጠብኩልሽ አለችኝ፣ አንዳንዴ እኮ ንጽሕና ላይ ትለግሚያለሽ ልጄ። እኔ! እኔን ነው!

እማማ የመጀመሪያዋ መስመር ናት፣ ትንሿ፣ ሁለት ተኩል።

እሺ። ፉርርርት።

ስንት አልኩሽ?

ሰማሁ አልኩሽ እኮ!

ስንት?

ያልሺውን ነዋ!

ያቺን እሺ አውቃታለሁ። ጠዋት ከኔ አፍ ገባኝ ሆና ወጥታለች። ቃሉ ጆሮዋ በር ላይ ቆሟል፣ እሷ ደግሞ ያቺ የድሮ አምስቷ ቤቱን ሞልታ ተቀምጣለች፣ ልጇ ቆሞ የሚሄድባት አምስት። ቀድቼ በኩባያዋ ልተውላት ብል ዝንብ ይገባበታል፣ ክዳን ባለው ዕቃ ብተውላት ይቺማ ምን ታደርጋለች ብላ ትጨምርበታለች፣ አውቃታለሁ፣ ከደግነት ነው የምትጨምረው። ጠርሙሱን ይዤው ልሂድ ብል የቀኑ ይቀራል። ሰባት ቀን ነው፣ አንዱ አለፈ፣ ስድስት ቀን ስድስት ቀትር ቀርቷል።

እኔ መስማት ነበር የማውቀው፣ ማሰማት አላውቅም። ይኼን የምትሰሙ፣ በተለይ አሮጊት ያለችበት ቤት የኖራችሁ፣ አንዲት ቁጥር በሌላ ሰው ጆሮ ውስጥ ገብታ እስከ ነገ ቀትር እንድትቀመጥ ምን ይደረጋል? ሳልጣላት፣ እሷንም ሳላዋርዳት። የምታውቁት ካለ ንገሩኝ እባካችሁ፣ ከቤት የምወጣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው።